ያለ ስኳር ብለው ያዘዙኝ ሁሉ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን የጀመርኩት የሥራ አስኪያጁን ስፕሪስ በማማሰል ነው። ስፕሪስ ከታች ሻይ፣ ከላይ ቡና ሆኖ ሳይቀላቀል የሚቀርብ መጠጥ መሆኑን ዛሬ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እኔ ግን ያኔ ደጋን ከምትባል ትንሽ ከተማ ገና መምጣቴ ነበር። አንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ቀለም ሳይ ያላለቀ ሥራ መሰለኝና በማንኪያ አዋሃድኩላቸው። በቅን ልብ ነው ያደረግሁት።

ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን አዩ፤ እኔን አዩ። «ልጄ፣ መቀላቀሉን ብፈልግ ሆዴ ውስጥ ራሱ ይቀላቀል ነበር» አሉኝ። ከዚያ ጠጡት። ደግ ሰው ነበሩ፤ ፊታቸው ግን ቀኑን ሙሉ አልተፈታም።

ደሴ ያለው ያ መሥሪያ ቤት ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ስሙ ይቅር። ሻይ ክበቡ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ነበር። ኃላፊዋ እትዬ ጌጤ ነበሩ። ከእሳቸው በታች እኔ፣ ከእኔ በታች ማንቆርቆሪያው። ስፕሪሱን እንዳበላሸሁ ሲሰሙ አልተቆጡም። አስቀምጠው አስተማሩኝ።

«ዘሐራ፣ ስምና ማዕረግ አትሸምድጂ። የሰው ሹመቱ ይለዋወጣል፣ ስኳሩ ግን አይለወጥም። ስኳሩን ያዢ።»

ትሪ ላይ ሃያ ብርጭቆ ሲደረደር የማን የማን እንደሆነ የሚታወቀው በማንኪያ ነው። ማንኪያው ከብርጭቆው በስተቀኝ ከተኛ አንድ ስኳር፣ በስተግራ ከተኛ ሁለት፣ ከተደፋ ያለ ስኳር። ሦስት ስኳር የሚጠጡት የአስተዳደር ክፍሉ አቶ ሰይፉ ብቻ ስለነበሩ ለእሳቸው ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ አቆምላቸው ነበር። እትዬ ጌጤ «አቶ ሰይፉ ሻይ አይጠጡም፤ ስኳር በሻይ ነው የሚበሉት» ይሉ ነበር።

ከዚያ ደግሞ የጾሙ ነገር አለ። ረቡዕና ዓርብ ማኪያቶ የሚያዙት ወደ ጥቁር ቡና ይዞራሉ። በረመዳን ትሪዬ በግማሽ ይቀላል፤ እኔም እየጾምኩ የሌላውን ቡና እቀዳለሁ፣ ሳልቀምስ በመዓዛው ብቻ ልኩን አውቃለሁ። አቶ ሰይፉ በየቀኑ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ይመላለሱ ነበር። ከሞቃት አገር ወጥቶ ደሴ ብርድ ላይ የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ብርጭቆውን መጨበጥ ነው፤ መጠጣቱ በኋላ ነው። ስለዚህ ጠዋት የእሳቸውን ብርጭቆ በፈላ ውሃ አሙቄ ነው የምቀዳበት። ይህን ማንም አላዘዘኝም።

እትዬ ጌጤ ጡረታ ሲወጡ ማንቆርቆሪያውና እኔ ብቻ ቀረን። ብዙ ዓመት ሠራሁ። የሁሉንም ስኳር አውቅ ነበር። የተኮራረፉትን አውቃለሁ፤ ከአንድ ማንቆርቆሪያ አይጠጡም። ሊጋቡ ያሰቡትንም አውቃለሁ፤ የአንዱ ትእዛዝ ወደ ሌላው ትእዛዝ እያደላ ይመጣል።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ አቶ ይማም የሚባሉ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጡ። ዕድሜያቸው አርባ አልሞላም፤ ዝምተኛ፣ ሥራ አክባሪ ናቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ ትሪዬን ይዤ ገባሁና በክፍል ኃላፊዎቹ ሁሉ ፊት «ምን ላምጣልዎት?» አልኳቸው። የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው፤ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

አቶ ይማም ግራ ቀኙን አዩ። «ሻይ። ያለ ስኳር» አሉ።

አቶ ሰይፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ለእኔም እንደዚያው» አሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ የተቀመጠው እንደዚያው፣ የዚያ ጎረቤትም እንደዚያው። ማኪያቶ የሚወዱት፣ ሎሚ ካልገባበት ሻይ የማይሉት፣ ሁሉም በአንድ ጠዋት ያለ ስኳር ሆኑ። ጸሐፊዋ ወይዘሮ አልማዝ እንኳ፣ በሁለት ስኳር የኖረች ሴት፣ ቃለ ጉባኤውን እየጻፈች ቀና ሳትል «ያለ ስኳር» አለች። እትዬ ጌጤ በአንድ ነገር ተሳስተው ነበር ማለት ነው፤ ስኳርም ከሹመት ጋር ይለወጣል።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አቶ ሰይፉ ከደረጃው ሥር ጎንበስ ብለው ገቡ። «ዘሐራ፣ የእኔን እንደ ድሮው አድርጊው። ማንኪያ ግን እንዳይታይ።» እሳቸው ሲወጡ ወይዘሮ አልማዝ ገባች። «በእመብርሃን፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። በሳምንቱ ያልመጣ የክፍል ኃላፊ አልነበረም። እያንዳንዱ የሚያጭበረብረው እሱ ብቻ ይመስለው ነበር።

መላ አበጀሁ። ስኳሩን ከታች አድርጌ ሻዩን ቀስ ብዬ እቀዳበታለሁ፤ አላማስልም። ጠጪው ስብሰባ ላይ ቁጭ ብሎ ብርጭቆውን በእጁ ያዞራል፤ ስኳሩ ያኔ ይቀልጣል። በዚያ ሰሞን የእኛን ስብሰባ በመስኮት ያየ ሰው፣ ሁሉም ብርጭቆውን እያዞረ ጠረጴዛ ላይ ሲያፈጥ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ያለ ከባድ ሐሳብ ያዛቸው ይል ነበር። የስኳሩ ቆርቆሮ እንደ ወትሮው ያልቃል። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ሳይጀመር የራሴን ቡና ቀድቼ ስጠጣ አቶ ይማም ውሃ ሊጠይቁ ብቅ አሉ። ደንግጬ ተነሣሁ። እሳቸው ግን ስኒዬን ነበር የሚያዩት፤ አጠገቡ የጨው ብልቃጥ አለ።

«ጨው ያለው ነው?»

«አዎ ጌታዬ። ያገሬ ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

በሩን መለስ አደረጉና የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ተቀመጡበት። «እስቲ ለእኔም ቅዱልኝ አንቱ» አሉ። ቢሮ ውስጥ «እርስዎ» የሚሉኝ ሰው እዚያ ሳጥን ላይ «አንቱ» አሉኝ። ያገሬ ልጅ መሆናቸውን በዚያች ቃል አወቅሁ።

ሁለት ስኒ ጠጡ። ከዚያ ነገሩኝ። «ኮሌጅ በገባሁ ሳምንት ካፌ ቁጭ ብዬ ለቡናዬ ጨው አምጡልኝ አልኩ። እስክመረቅ ድረስ አሞሌ ሲሉኝ ኖሩ። ያለ ስኳር ሻይ ያዘዘን ሰው ግን ማንም ከየት መጣህ አይለውም።»

«ሻዩን ይወዱታል ታዲያ?»

«ወላሂ እንደ ሬት ነው የሚመረኝ።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸውም ሳቁ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተመለሰ። «አደራ» አሉኝ። ያን ያህል ትልቅ ሰው በአሥራ ስምንት ዓመቱ የሳቁበትን እስከዛሬ ተሸክሞ መዞሩ አሳዘነኝ። «አብሽሩ፣ ከዚህች ክፍል አይወጣም» አልኳቸው።

ከገበያ ክዳን ያለው ወፍራም ኩባያ ገዛሁላቸው። ውስጡ ጨው ያለው ቡና ነው፤ ክዳኑ ቀለሙን ይደብቃል። ሽታውን እንዲያሳስት ጤና አዳም ጣል አደርግበታለሁ። ሰዉ መድኃኒት መሰለው። «ሥራ አስኪያጁ የሚጠጡት ቅጠል ምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። «ሻይ ነው» እላለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክዳን ያለው ኩባያ ያልገዛ አለቃ ጠፋ። አቶ ሰይፉማ «ለእኔም ያንን ቅጠል ጣል አድርጊበት፤ ስኳሩን እንዳትረሺ» አሉኝ።

ሃያ የተከደነ ኩባያ ትሪ ላይ ሲደረደር የማንኪያው ዘዴ አይሠራም። በየእጀታው ክር አሰርኩ። ቀይ ሁለት ስኳር፣ አረንጓዴ ሦስት፣ ጥቁር የአቶ ይማም ጨው። እንዲህ አድርገን በሰላም ስንኖር ነው ወረቀቱ የመጣው።

ወይዘሮ አልማዝ ጠርታኝ «ይህን ወረቀት እንዳታይ» አለችና ጠረጴዛዋ ላይ ገልጣ ትታው ወጣች። አነበብኩት። ለሰኞ ስብሰባ የቀረበ ሐሳብ ነው። «ሁሉም ሠራተኛ የሚጠቀመው አንድ ዓይነት ስኳር አልባ ሻይ በመሆኑ፣ ለዚህ ተግባር ሠራተኛ መመደብ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። በየፎቁ አንድ ፔርሙዝ ይበቃል» ይላል። ከሥሩ የአቶ ሰይፉ ፊርማ አለበት።

ፈራሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለችውን ቤቴን የምከራየው በዚያች ደሞዝ ነበር፤ ለጡረታ ደግሞ ሁለት ዓመት ይቀረኛል። አቶ ሰይፉ ላይ መናደዴን አልክድም። በቀን አራት ጊዜ ሦስት ሦስት ስኳር የማቀብላቸው ሰው ናቸው። ክፉ ግን አልነበሩም። የራሳቸውን ስኳር ደብቀው፣ የቀረው ሰው የምሩን ያለ ስኳር የሚጠጣ መስሏቸው ነበር።

አቶ ይማም ዘንድ ሄጄ ላልቅስ አልኩና ተውኩት። ምስጢራቸውን የያዝኩላቸውን ሰው «አድኑኝ» ብላቸው ማስፈራራት ይመስላል። ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። ከዚያ ወረቀቱን ራሱን መታዘዝ ይሻላል አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ክሩን ሁሉ ፈታሁ። አንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ አፈላሁና ሃያውን ኩባያ በዚያው ሞላሁ። ስኳር የለም፣ ሎሚ የለም፣ ቅጠል የለም። የአቶ ይማም ላይ ስደርስ እጄ ትንሽ ቆመ። ወረቀቱ ግን «ሁሉም» ነው የሚለው። ሞላሁት።

ስገባ አቶ ሰይፉ ሐሳባቸውን እያነበቡ ነበር። «አንድ ዓይነት ስኳር አልባ ሻይ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ኩባያቸውን አስቀመጥኩላቸው። አንብበው ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ሦስት ጊዜ አዞሩና ጠጡ። እንደገና አዞሩና እንደገና ቀመሱ።

«ዘሐራ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሻይ ነው አቶ ሰይፉ። ያለ ስኳር።»

ምን ይበሉ? ወረቀቱ እጃቸው ላይ ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ ኩባያ ይዞራል፣ ይቀመሳል፣ ተመልሶ ይከደናል። ወይዘሮ አልማዝ ከንፈሯን ነክሳ መስኮት መስኮቱን ታያለች። አንድም ሰው አልተናገረም። ይሄኔ ዘዴዬ የከሸፈ መሰለኝ። ሁሉም ዝም ብሎ ምሬቱን ከዋጠ ፔርሙዙ ይገዛል፣ እኔም እሄዳለሁ።

አቶ ይማም የመጨረሻው ነበሩ። ክዳኑን አነሡ፣ አዩ፣ ከደኑ። አሁንም አነሡ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ።

«እትዬ ዘሐራ፣ ይህ የእኔ አይደለም።»

«ወረቀቱ እንዳለው ነው ጌታዬ። የሁሉም አንድ ነው።»

አቶ ይማም ኩባያውን ገፋ አደረጉ። «የእኔ ቡና ነው» አሉ። «ጨው ያለው። እናቴ ቤት እንደሚጠጣው። ሻይ ያለ ስኳር ወድጄ አላውቅም።» ጆሯቸው ድረስ ቀልተው ነበር። የሳቀ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ በአደባባይ እንዲህ ያስባልኳቸው እኔ መሆኔ ልቤን ወጋኝ።

ከዚያ ወደ አቶ ሰይፉ ዞሩ። «የእርስዎስ?»

«የእኔማ... ትንሽ ስኳር ብትኖርበት...»

«ትንሽ ስንት ናት፣ እትዬ ዘሐራ?»

«የሰው ስኳር አልናገርም» አልኩ።

አቶ ሰይፉ ራሳቸው ሦስት ጣት አወጡ። ጣሪያው እስኪነቃነቅ ተሳቀ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ፤ ሁለት፣ አንድ ተኩል፣ ማኪያቶ፣ ሎሚ። ወይዘሮ አልማዝ ሁሉንም ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈረችው። አቶ ሰይፉ ወረቀታቸውን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና «ፔርሙዝ ይህን አይችልም» አሉ። በዚያው ቀረ።

ስብሰባው ሲበተን አቶ ይማምን ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። «ቡናዬን አምጡልኝ አንቱ» አሉኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። «በስኒ። ክዳን አልፈልግም።»

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። በማግሥቱ ትእዛዝ ልቀበል አቶ ይማም ባሉበት ስዞር፣ አቶ ሰይፉ ቀድመው «ለእኔም ቡና በጨው» አሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ድረስ ጨው ሆነ። ወደ ምድር ቤት ልወርድ ስል አቶ ሰይፉ ደረጃው ላይ ደረሱብኝና ሦስት ጣታቸውን አሳዩኝ።

ሁለቱን ዓመት ጨርሼ በክብር ወጣሁ። አሁን ኮምቦልቻ ልጄ ቤት ነኝ። በእኔ ቦታ የገባችው ልጅ አንዳንዴ እየደወለች ስለ ሥራው ትጠይቀኛለች። የምነግራት አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ምን ልቅዳልህ ብለሽ አለቃው ፊት አትጠይቂው።