ሳይታጠብ የተላከው ፊልም

እሑድ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጁባ፣ ጀበል ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ፣ የሆቴሉ ባለቤት የካሜራዬን የጀርባ ክዳን ከፈተ። ፊልሙ ውስጥ ነበር። ፀሐይዋም አናታችን ላይ ነበረች።

ሰውየው ያገሬ ልጅ ነው፤ ሊያገባ ይፈልጋል። እጮኛው እዚሁ ጁባ ባንክ ትሠራለች። አባቷ ግን አዲስ አበባ ዕድሜ ልካቸውን ፎቶ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ሽማግሌ ከመቀበላቸው በፊት ልጁን ከነሆቴሉ በፎቶ ማየት ፈለጉ። በስልክ የተነሱ ብዙ ፎቶዎች ተላኩላቸው፤ አንዱንም አላመኑም። በስልክ ሆድ ይገባል፣ ፀጉር ይበቅላል አሉ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ሳይታጠብ እንዲላክላቸው አዘዙ፤ ራሳቸው ሊያጥቡት። ጁባ ውስጥ ዛሬም በፊልም የሚያነሳ ሐበሻ ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ።

ጠዋት ስደርስ ገና አልለበሰም። ጄኔሬተሩ ቆሞበት፣ በቁምጣ ተንበርክኮ፣ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ነክቶት ከሞተሩ ጋር ይጨቃጨቃል። ካሜራው መሥራቱን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ አነሳሁት፤ አላየኝም። ከዚያ ታጥቦ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። በሩ ላይ፣ ባንኮኒው ጋ፣ ከማያነበው ጋዜጣ ጋር አነሳሁት። በተነሳ ቁጥር እንደማናችንም እጁን ይዘረጋል፤ እስቲ አሳየኝ ጋሼ ይላል። ፊልም ሳይታጠብ ምንም እንደማይታይበት ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ ትቼ እጄን ልታጠብ ሄድኩ።

ስመለስ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሰውየው አጎንብሶ ውስጡን ያያል።

"ክራቫቴ ተጣሞ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው" አለኝ።

ፊልም ብርሃን የሚፈልገው ለቅጽበት ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ያገኘው ሲታጠብ ድፍን ጥቁር ይሆናል። ይህንን ሳስረዳው "ኸላስ፣ አለቀልኝ" ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ፊልም አልነበረኝም። ፊልሙን የሚወስደው መንገደኛም ከሰዓት በኋላ ይበራል። የኤርፖርት ፍተሻ ማሽን አቃጠለው እንበል አለኝ። እሱ የፈለገውን ማለት እንደሚችል፣ እኔ ግን ከተጠየቅኩ የሆነውን እንደምናገር ነገርኩት። እስከ ምሳ አኮረፈኝ። ፊልሙ እንዳለ ተላከ።

በሳምንቱ አባትየው ደወሉ። እጮኛውም እኔም አጠገቡ ስለነበርን ስልኩን ለሁላችን እንዲሰማ አደረገው።

"ክዳኑን የከፈተው ማነው?" አሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። እኔም አየሁት።

"እኔ ነኝ አባባ" አለ። "ክራቫቴን ልይ ብዬ ነው።"

ከዚያ አባትየው ከጥቅልሉ ውጭ በኩል ያሉት ምስሎች ሁሉ መቃጠላቸውን፣ መጀመሪያ የተነሱት ሁለቱ ግን ከሥር ተጠቅልለው ስለነበር መትረፋቸውን ነገሩን።

"ጄኔሬተር የሚጠግን ሰውዬ ወጥቷል። እሱ ማነው?"

"እሱም እኔው ነኝ።"

"ሆድህ ትልቅ ነው።"

"አዎ አባባ።"

"በል ሽማግሌ ላክ።"

ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ ልጅቷ ተፈቀደች። ሠርጉን በፊልም የማነሳው እኔ ነኝ። የካሜራዬን ክዳን ሙሽሪት ከወዲሁ በፕላስተር አሽጋዋለች።