አንድ አጫሽ፣ ዘጠኝ ጠያቂ

የፒፓ ትንባሆ ዋጋ በቅጠሉ ጥራት አይወሰንም። በቀረጥም፣ በዶላርም፣ በመንገዱ ርዝመትም አይወሰንም። እኔም እንደ ሌላው ሰው ይህን ሁሉ አምን ነበር። ቅጠሉ ስንት ዓመት ተቀምጦ እንደሚበስል፣ በእጅ የተጠቀለለ ሲጋር ለምን እንደሚወደድ አንብቤ፣ ያነበብኩትን ላልጠየቁኝ ሰዎች ሳስረዳ ኖሬአለሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ግን የአንድ ቆርቆሮ ትንባሆ ዋጋ የሚወሰነው ስንት ሰው «አለ ወይ?» ብሎ እንደጠየቀ ነው። ይህን ያወቅሁት ራሴ ካስወደድኩት በኋላ ነው።

አጎቴ የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ፒፓ የለመዱት በወጣትነታቸው፣ ጥገና ክፍል ውስጥ፣ ከፈረንሳይ አለቆቻቸው ነው። ዛሬ ጨው ትተዋል፣ ሥጋ ትተዋል፣ ዜና መስማትም ትተዋል። የቀረቻቸው ዐሥር ሰዓት ላይ፣ በረንዳው ጥላ ሲይዝ የሚያጨሷት አንዲት ፒፓ ናት። ሙቀቱ ትንባሆውን እንዳያደርቅባቸው ቆርቆሮው ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ ይከታሉ። የሚገዙት በጡረታቸው ነው፤ ልግዛልዎ ካልኳቸው ሦስት ቀን ያኮርፉኛል።

ይህን ትንባሆ የምትሸጠው ቀፊራ ገበያ ውስጥ ያለች አንዲት ሴት ናት። ከጅቡቲ በሚመጣው ዕቃ መካከል፣ ከሽቶውና ከዱቄት ወተቱ ጀርባ፣ ሁለት ሦስት ቆርቆሮ አይጠፋትም። ባለፈው ክረምት ዋጋውን ትንሽ ጨመረችበት። አጎቴ ፒፓቸውን እስከ ግማሽ ብቻ መሙላት ጀመሩ። አላስቻለኝም። ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ማዶ ሌላ ሻጭ ይኖር እንደሆነ እንዲያጠያይቁልኝ ለፀጉር አስተካካዬ፣ ለአንድ ባጃጅ ነጂና ለመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነገርኩ።

የዚህ ከተማ ሰው ጠይቅልኝ ካሉት እምቢ አይልም። እሱ ብቻ ቢጠይቅ ደግሞ መልካም ነበር። ባጃጅ ነጂው ለሚስቱ ወንድም ነገረ፣ የሚስቱ ወንድም ለጎረቤቱ። አንዱ በሶማሊኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በአማርኛ፣ ሁሉም ዞረው ዞረው እዚያችው ሴት ደጃፍ ቆሙ። ማንም አልገዛም። ዋጋ ጠይቆ ለመንገር የተላከ ሰው ለምን ይገዛል?

ወሩ ሲያልቅ ብሄድ ዋጋው እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ። ቅጠሉም ቀረጡም እንዳልተለወጠ አስረዳኋት። በትዕግሥት አዳመጠችኝ።

«አቦ ተወኝ» አለች በመጨረሻ። «ከተማው ፒፓ ጀምሯል። አንተ ብቻ ነህ ያልሰማኸው።»

አጫሹ አንድ ሽማግሌ ብቻ እንደሆኑ፣ ጠያቂዎቹን ሁሉ የላክሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት።

«ወላሂ ዘጠኝ ሰው ነው የጠየቀኝ። ሽማግሌህ ዘጠኝ አፍ አላቸው?»

የጎን ባለሱቁ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። የቀሩትን ቆርቆሮዎች ወደ ውስጥ እንዳስገባቻቸው፣ ዋጋውን ወደ ቀድሞው የምትመልሰው ጠያቂ ሲጠፋ ብቻ እንደሆነ ቁርጡን ነገረችኝ።

አጎቴ ዋጋውን ከማን እንደሰሙ አላውቅም። ፒፓቸውን ጠርገው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ሐኪም ከለከለኝ አሉ። ሐኪም ዘንድ የምወስዳቸው እኔ ነኝ፤ ከሄድን ሁለት ዓመት አልፎናል። ዐሥር ሰዓት ሲሆን አሁንም በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ግን ግራ ገብቷቸዋል።

ዞሬ ለሁሉም ተውት አልኩ። አልሰሙኝም፤ ተውት ያልኩት በይሉኝታ መሰላቸው። ትናንት ፀጉር አስተካካዬ ምላጩን አንገቴ ላይ እንደያዘ፣ «አይዞህ፣ ዛሬ ጠዋትም ጠየቅኩልህ» አለኝ። ምላጩ ባይኖር መልስ ነበረኝ።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይ የምታውቁኝ፣ በቀፊራ ስታልፉ ስለ ፒፓ ትንባሆ አትጠይቁ። ለእኔም ብላችሁ፣ ለአጎቴም ብላችሁ፣ ለማወቅ ያህልም አትጠይቁ። አፋችሁን ዘግታችሁ እለፉ።