ሃዋ ሳትኖር ሌባው አይያዝም

ዛሬ ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ የመጨረሻውን ምዕራፍ ልጀምር መጽሐፉን ስገልጥ፣ አውቶቡሱ ሙሉ በአንድ ድምፅ «አይሆንም!» አለኝ።

ላላወቃችሁ፣ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ስንሄድ አንድ የድሮ የእንግሊዝ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ለሥራ ባልደረቦቼ በየቀኑ አንድ ምዕራፍ አነብላቸዋለሁ።

መጽሐፉ መጀመሪያ ሲወጣም እንዲሁ ነበር። መጽሐፍ ሆኖ ከመጠረዙ በፊት በየሳምንቱ መጽሔት ላይ ክፍል በክፍል ይታተም ነበር። የዚያን ጊዜ አንባቢም እንደኛው እየተቁነጠነጠ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሀብታም ቤት የአንገት ሐብል ሲጠፋ ነው። ሁላችንም የቤት ሠራተኛዋን ጠረጠርን። ከሃዋ በቀር።

ሃዋ አጠገቤ የምትቀመጥ የስፌት ሠራተኛ ናት። «ወላሂ እሷ አይደለችም» አለች ገና በመጀመሪያው ቀን። «እኔም ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ዕቃ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈተሸው የኔ ሻንጣ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ በሠራተኛዋ ላይ ክፉ የተናገረ ሰው የለም።

ዛሬ ሃዋ የለችም። እናቷ ታመውባት ሆስፒታል ይዛቸው ሄዳለች።

«እሷ ሳትኖር ሌባው አይያዝም» አሉ የሁላችን ታላቅ እትዬ ዘነበች። መጽሐፉን ዘጋሁት። መንገዱን ሁሉ ስለ ሃዋ እናት እያወራን ሄድን።

ስወርድ ሹፌራችን፣ «እኔ ተረት አልሰማም» ሲል የከረመው ሰውዬ፣ ጠጋ ብሎ «አቦ፣ ሠራተኛዋ ግን ነፃ ወጣች አይደል?» አለኝ በሹክሹክታ።

እናንተስ፣ አንድ ሰው ስለጎደለ ብቻ ሳትጨርሱ ያቆያችሁት ነገር አለ? ንገሩኝ።

ሌባውን ግን አትጠይቁኝ። መጀመሪያ የምትሰማው ሃዋ ናት።