ጾመኛው ቄስና የስኳር ውሃው

ስኳር በሽታ እንዳለብኝ ካወቅሁ ወዲህ፣ ወረታ ከተማ እንደኔው ከታመሙ ሴቶች ጋር እየተሰበሰብን እንማራለን። “ስኳራችሁ ወርዶ ላብና መንቀጥቀጥ ሲመጣ ቶሎ ጣፋጭ ቅመሱ” የሚለውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤዋለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ወደ ይፋግ ገበያ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡትን ቄስ ላብ አጠመቃቸው። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ አንደበታቸው ተኮላተፈ።

“ጠጥተው ነው” አለ አንዱ ከኋላ።

“አባ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?” አልኋቸው።

“አዎ... መርፌዬን ተወግቼ፣ እህል ሳልቀምስ ነው የወጣሁ” አሉ በስንት መከራ።

ከቦርሳዬ ስኳር አውጥቼ በውሃ ጠርሙሴ በጠበጥሁና አቀረብሁላቸው።

“ጾም ነው፤ ወግጂ!” አሉኝ።

“ቄስ ልታስገድፊ ነው?” ብሎ ተሳፋሪው ሁሉ ጮኸብኝ። ፊቴ በእፍረት ጋለ፤ እጄን ግን አልመለስሁም።

“አባ፣ የታመመ ይብላ ብለው የሚያስተምሩን እርስዎ አይደሉ?”

ጠርሙሱን ተቀብለው ጠጡ። ትንሽ ቆይቶ ላባቸው ደረቀ፤ አንደበታቸውም ተፈታ። “ይህን የት ተማርሽ?” ቢሉኝ፣ የወረታውን ስብሰባችንን ነገርኋቸው። እኔም እንደ ሐኪም ኮርቼ ተቀመጥሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባችን በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ቄሱ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ነጠላ የለበሱ ሴቶች ተሰልፈዋል።

“ስኳር ያለባቸውን የንስሐ ልጆቼን ሁሉ አምጥቻለሁ” አሉኝ። “በይ አስተምሪን፤ ከእኔ ጀምሪ።”