ነፋስ ያሻገረው በቆሎ

አምና በመከር፣ ከበቆሏችን ዳር የተቀመጥነው እነዚህ ነን፦ አባቴ፤ የታናሽ ወንድሜ የክርስትና እናት የሆኑት፣ ማሳቸው ከማሳችን በድንበር ብቻ የሚለየው አበልጃችን፤ የሁለቱም የንስሐ አባት የሆኑት ቄስ፤ በከብት ጥፋት ሲፈርዱ የኖሩ አንድ ሽማግሌ፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ፤ እና እኔ።

አባቴ ከአባቱ የወረሰውን ነጭ በቆሎ በየዓመቱ እየመረጠ ከምድጃው በላይ፣ ጭስ ላይ ይሰቅለዋል። ከላሊበላ በታች ባለው ሰፈራችን ዘር የጎደለበት ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። አምና ግን በቆሎውን ስንልጥ ከነጩ መሀል ቢጫ ፍሬ አገኘን። ቢጫ የዘሩት አበልጃችን ብቻ ናቸው። ላሊበላ ባጃጅ የሚነዳው ልጃቸው ከገበያ ያመጣላቸው ዘር ነው፤ «ልውጥ ዘር ነው፣ ባሕርዩ በላብራቶሪ የተቀየረ» የሚል ወሬም ተከትሎታል። አባቴ የፈራው ለከርሞ የሚዘራው ንጹህ ዘር እንዳያጣ ነበር።

«ላም ገብታ በልታ ቢሆን ባለቤቷ ይክስ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ይሄኛው እግር የለው!»

የበቆሎን የአበባ ብናኝ ነፋስ እንደሚወስደው አንብቤ ነበርና ተናገርኩ።

«እንግዲህ አበልጄ፣ ነፋሱን እንደ ጥጃ አስሬ ላሳድርልዎ?» አሉ አበልጃችን። ሽማግሌው ሳቁ።

«ነፋሱን መቼ ከሰስኩ? ዘሩን ነው» አለ አባቴ።

ቄሱ እንደ ልማዳችን ነገሩን በመሐላ ሊቋጩት አሰቡ። አበልጃችንን «ድንበር እንዳልገፉ፣ ከአበልጅዎ ማሳ ዘር እንዳልጣሉ ይምላሉ?» አሏቸው።

«አሁኑኑ!» አሉና አበልጃችን ተነሡ።

«የለም፣ አይማሉ!» አለ አባቴ። እውነታቸውን እንደሚምሉ ያውቃል። ከማሉ ክሱ ያበቃል፤ ቢጫው ግን እዚያው ነው። ሌላው ሰው እውነት ስለማለ የሚሸነፍ ከሳሽ አይቼ አላውቅም፤ ማን እንዳጠፋ ጨርሶ ጠፋኝ።

ባለሙያውን ጠየቅነው። «ለልውጥ ዘር ሕግ አለ። ልውጥ መሆኑ ግን በላብራቶሪ መረጋገጥ አለበት።»

«ካልሆነስ?»

«ያው ተራ ቢጫ በቆሎ ነዋ።»

«ለተራውስ ማን ይጠየቃል?» አለ አባቴ።

ባለሙያው «እሱን አጣራለሁ» አለ።

ነጩን ፍሬ ለቅመን ብንዘራስ አልኩ። ባለሙያው ነጩም የባዕዱን ዘር ባሕርይ ይዞ ሊሆን ይችላል፣ በዓይን አይለይም አለኝ። አንዱን ነጭ ፍሬ በጥፍሬ ከፈልኩት፤ ውስጡም ነጭ ነው። ምን እንደምፈልግ እንኳ አላወቅኩም።

በዚህ መሀል ቄሱ አበልጃችንን «ለከርሞ በድንበሩ በኩል ጤፍ ይዝሩ፤ በቆሎውን ወደ ወንዙ ያውርዱት» ሲሉ ሰማሁ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አወሩ፤ የአበልጃችን መልስ አልተሰማኝም። አባቴ «እሺ ብለዋል» ይላል። እሳቸው «አስብበታለሁ ነው ያልኩት» ይላሉ። በሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል እንደሚያስር ሁለቱም ያውቃሉ።

አሁን ዝናቡ ቀርቧል፤ አበልጃችንም እስከ ድንበሩ ድረስ አርሰዋል፤ ጤፍ ይዝሩበት በቆሎ ግን አልታወቀም። አባቴ የለቀመውን ነጭ ዘር ይዝራ አይዝራ አልቆረጠም። እናንተ በዚያ የነበራችሁ፣ ቄሱ፣ ሽማግሌውና ባለሙያው፣ እኔ ፍሬ ስከፍል አበልጃችን ምን ብለው መለሱ? አንገታቸውን ነቅንቀው ከሆነም ያንኑ ንገሩኝ፤ የሰማችሁትን ብቻ፣ ዘር ሳይወርድ።