ፎቶው ዳር የቆሙት እትዬ ብዙነሽ

ከአገር የወጣሁ ዕለት አመሻሹ ላይ ዘመድ አዝማዱ እያለቀሰ ሻንጣዬን ሲያስር፣ እኔ ጅሉ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጬ የሠርግ ፎቶዬን እቆርጥ ነበር። ምን ላድርግ፣ ሙያዬ ነው! ፈረንሳይ ለጋሲዮን ፎቶ ቤት ከፍቼ ስንት ዓመት የሰው ፎቶ ስከረክም ኖሬያለሁ፤ የወረቀት መቁረጫው የግራ ሌባ ጣቴን ጫፍ ሳይቀር በልቶታል። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የተነሣነውን ፎቶ ለባለቤቴ ለሐረግ መታሰቢያ ይሁናት ብዬ አሳመርኩላት። ከኋላችን ያለውን ባሕር ዛፍ አጥፍቼ ሰማያዊ ባሕር ከነዳክዬው አስገባሁ። ፍሬሙ ግን ጠበበ። ዳር ላይ ደግሞ ሐረግን ያሳደጓት አክስቷ እትዬ ብዙነሽ ቆመዋል። ክሮፕ! ሴቭ! አለቀ።

እትዬ ብዙነሽ ዳቦ ቆሎ ቋጥረውልኝ ሊሰናበቱኝ ሲገቡ ፎቶው ታትሞ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«እኔስ?» አሉ።

«ፍሬሙ አልበቃም፣ እትዬ።»

ዳቦ ቆሎውን አስቀመጡና ወጡ። ሳይስሙኝ! እኔም አውሮፕላኑ እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ።

የመጣሁት ጀርመን ነው፤ እዚህም ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት እቆርጣለሁ። ዳቦው ጥርስ ይፈትናል። ጫካ ሞልቷል፣ ግን ዝናብ ሲመታው እንደ እንጦጦ አይሸትም። መጀመሪያ ሰሞን አከራዬን «ደኅና አደሩ፣ ቤተሰብ ደኅና፣ ጤናዎ እንዴት ነው» ስላቸው ደንግጠው «ምን ተበላሸ?» አሉኝ። ቧንቧ የፈነዳ መስሏቸው እኮ ነው።

ሐረግን ላመጣት አመለከትኩ። ከስንት ወር በኋላ ተርሚን፣ ማለት ቀጠሮ፣ ደረሰኝ። የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤቷ ሴትዮ ከጋብቻ ወረቀቱ ሌላ ፎቶ ጠየቀችኝ። ደረቴን ነፍቼ ያንን ባሕር አቀረብኩላት።

«ሠርጋችሁ ባሕር ዳርቻ ነበር?»

«ኧረ አይደለም፣ ተራራ ላይ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ባሕር?»

«ውሸት ነው።»

«ዳክዬዎቹስ?»

«እነሱም።»

መነጽሯን አወለቀች። «ሚስትህስ?»

ያልተነካ ፎቶ ካላመጣሁ ማመልከቻዬ ውድቅ እንደሚሆን ነግራኝ አሰናበተችኝ።

ያልተነካ ከየት ይምጣ? አንዱንም ሳላሳምር አልተውኩም፤ የካሜራውን ሜሞሪም ለሌላ ሰው ሠርግ ብዬ አጥፍቼዋለሁ። የቀረችው አንዲት ለሙከራ ያተምኳት ነበረች፣ ነጭ ጠርዟ እንኳ ያልተከረከመ። እሷን ደግሞ ሠርጉ ሰሞን «ለእኔ ትበቃኛለች» ብለው የወሰዷት ማን ናቸው? እትዬ ብዙነሽ!

ደወልኩ። ይቅርታ ስል፣ ስለማመጥ፣ አፌ ደረቀ።

«ዛሬ ፍሬሙ ሰፋ?» አሉኝ።

«ስለ ኪዳነ ምሕረት፣ እትዬ! ያለዚያች ፎቶ ሐረግ አትመጣም።»

«እልካለሁ። ስታያት ግን እንዳትቀየመኝ» አሉ።

ፎቶዋ በመንገደኛ መጣች። ፖስታውን ቀደድኩት። እትዬ ብዙነሽ አሉ፣ ሐረግ አለች፣ ባሕር ዛፉም አለ። እኔ የለሁም! ያን ዕለት ከእኛ ቤት በንዴት ወጥተው ቤታቸው እንደገቡ መቀስ አንሥተው አውጥተውኛል። የተረፈው ሐረግን ያቀፈው የግራ እጄ ብቻ ነው፣ ትከሻዋ ላይ እንዳረፈ።

ስካን አድርጌ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኳት። ካንቫስ ሳይዝ ውስጥ ገብቼ የፎቶውን ወረቀት ወደ ጎን አሰፋሁት፤ እኔ በጎደልኩበት በኩል ባዶ ነጭ ቦታ ተዘረጋ። ከሌላ ፎቶ ራሴን አምጥቼ እዚያ መትከል ለእኔ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ነጩን ሳየው ግን አፈርኩ፤ ፈራሁም። በዚህ ከተያዝኩ ሐረግን እስከ መጨረሻው ላጣት ነው። ዘጋሁት።

በቀጠሮዬ ቀን የተቆረጠችውን ይዤ ሄድኩና ከነፍሬሙ፣ ከነዳቦ ቆሎው ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሴትዮዋ ፎቶው ላይ ጎንበስ አለች።

«ግራ እጅህን ጠረጴዛው ላይ አድርግ።»

አደረግኩ። ጫፍ የሌላትን ጣቴን አየች፣ ፎቶው ላይ ያለችውን አየች፣ እንደገና የኔን አየች። አንድ ነገር ጻፈች። «እናሳውቅሃለን» አለች። ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ ልቤ ስለፈለገ ይሆናል።

ከዚያ እንደወጣሁ ደወልኩ። ሐረግ ገና ምኑም ሳይያዝ እልል አለች። እትዬ ብዙነሽ ስልኩን ተቀበሏት።

«እጄን ለምን ተዉልኝ፣ እትዬ?»

«ትከሻዋን እንዳልቆርጥባት ብዬ ነዋ! ላንተ መስሎህ ነው?»

ሳቅን። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ስማ ልጄ፣ ፎቶዋን ሲጨርሱ መልስልኝ። እሷን ከወሰድካት እኔ ከማን ጎን ልቆም ነው?»

ሰፊ ፍሬም እልክልዎታለሁ ልል ነበር። ተውኩትና «እመልስልዎታለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው።