በሐምሌ የተሠራ መደብ

በ1959 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጭቃ ከጭድ ጋር ሲቦካ ሽታው አፍንጫዬን ከመታኝ፣ ዛሬም የሚመጣብኝ የዚያ ዓመት ክረምት ነው።

ጎረቤታችን አያ ጫኔ ታዛውን በነፋሱ በኩል በቀርከሃ ጋርዶ፣ ከግድግዳው ጋር ሰፊ የጭቃ መደብ ሠርቶ፣ አጎዛ አንጥፎበት ነበር። በጋ ቢሉ ጥላ ነው፣ ክረምት ቢሉ ዶፉ አይደርስበትም። አባቴ ከእርሻ ሲመለስ በሬዎቹን አስገብቶ፣ እግሩን እንኳ ሳይታጠብ ወደዚያ ይሻገር ነበር። ከአጥራችን ሥር ቆሜ ሳይ፣ የጫኔ ልጅ አባቴ ጉያ ገብቶ ቆሎ ይቆረጥማል። የኔን አባት!

እናቴም እንደኔው ትቀና ነበር፣ እሷ ግን አፏ አያርፍም።

«የጫኔ መደብ ነው እንዴ የወለደህ?» ትለው ነበር።

«ምን ላድርግሽ፣ የኛ ታዛ ያፈሳል፣ መቀመጫም የለው» አላት አንድ ቀን።

ከዚህ ወዲያ መስከረምን መጠበቅ አቃታት። በክረምት መደብ የሚሠራ ሰው የለም፣ አይደርቅማ። እሷ ግን በዚያ በሐምሌ ዝናብ የጣራውን ክፈፍ በሣር አስረዝማ፣ ጭቃ አቡክታ፣ እኔ ጭድ እያቀበልኳት መደቡን ሠርታ በእበት ለቀለቀችው። ፍም በገል ብናስጠጋለትም እንደ ገንፎ እንደላመ መሸ።

አባቴ መጥቶ አየና፣ ነገሩ ገብቶት፣ ዘጭ አለበት።

«ኧረ ተነሣ፣ ጭቃ ነው!»

«ከተቀመጥኩ ተቀመጥኩ። ይልቅ ቆሎ አምጪ።»

ሲነሣ የመቀመጫው ቅርጽ ቀረ። እናቴ ልትደፍነው ስትል «ተይው» አላት። የጥቅምት ፀሐይ እንደዚያው አደረቀው፤ ያ ጎድጓዳም የሱ ሆነ። በጋም ሆነ ክረምት ከዚያ አይጠፋም ነበር፣ እኔም ከጎኑ። የጫኔ ልጅ ሲመጣ እግሬን ዘርግቼ ቦታ እነፍገው ነበር።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ፣ ልጄ ቤት ነው የምኖረው። በረንዳችን ሲሚንቶ ነው፣ አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር በረንዳውን በመስተዋት ዘግቶ ሶፋና ቴሌቪዥን አስገብቷል፤ የልጅ ልጄም ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን ወርውሮ እዚያ ነው። ያኔ አባቴን፣ ዛሬ ደግሞ እሱን! በዚህ ሐምሌ አንድ ማታ ብጠራው፣

«አባባ፣ እዚያ ይሞቃል እኮ» አለኝ።

መስተዋት መግጠም አላውቅም። መደብ ግን አውቃለሁ። በማግስቱ ጠዋት ሱሪዬን ሰብስቤ በረንዳው ሥር ጭቃ ማቡካት ያዝኩ። ምራቴ በመስኮት ብቅ አለች።

«አባባ፣ በሐምሌ? መቼ ሊደርቅልዎ ነው?»

«ማን ይድረቅ አለ?» አልኳት። «ልጁ እስኪቀመጥበት ይርጠብ።»